ክንድን በማጥበቅ አንጎልን ማዳን ይቻላልን?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ ቀላል መሣሪያ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። መሣሪያው ከሐኪም ጠረጴዛ ላይ የማይታጣው፣ በክንድ ላይ ተጠቅልሎ አየር እየተሞላ የደም ግፊትን የሚለካው ነው። ለዚህ መሣሪያ ክንዳችሁን የሰጣችሁበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ መልኩን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ይልቁንስ መናገር የሚገባኝ፣ ይህ ለመለኪያነት ብቻ የተሠራ ዕቃ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሕመምን ለማከም ጭምር እንዲያገለግል በታላላቅ ሆስፒታሎች መፈተኑን፣ ፈተናውም ምን ውጤት እንዳስገኘ ነው። የታሰበለት ሕመም በተለምዶ ስትሮክ የምንለው፣ ሰውን ከቆመበት ወይም ከተኛበት ድንገት ግማሽ ጎኑን ነሥቶ የሚጥለው የአንጎል ሕመም ነው።

ነገሩን ከገዘር ላይ ሆነን እንድንመለከተው እወዳለሁ። ገዘር በደቡብ ኦሞ በኩል፣ በአሪ ሕዝብ ደጋማ አገር ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ደቡብ ኦሞን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው ቆላና የከብት መንጋ ብቻ ይመስለዋል፤ የአሪ ደጋ ግን እንሰት በየጓሮው የሚተከልበት፣ ቡና የሚለቀምበት፣ ዝናብ የማያጣ አገር ነው። ዕድሜአቸው የገፋ አንባብያን አገሩን የሚያውቁት ጌለብና ሐመር ባኮ አውራጃ በሚለው በቀድሞው ስሙ ይሆናል። በአቅራቢያው ያለችው ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ያላት ጂንካ ናት። ከጂንካ ተነሥቶ በኮንሶ በኩል አርባ ምንጭ ለመድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ገና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

ገዘርን የመረጥሁበት ምክንያት ይህ ነው። ዓለም እስከ ዛሬ ለስትሮክ ያገኛቸው ፍቱን ሕክምናዎች ሁሉ ትልቅ መሣሪያና ፈጣን መጓጓዣ የሚሹ፣ የትልቅ ከተማ ሕክምናዎች ናቸው። በክንድ ላይ የሚጠቀለለው መሣሪያ ግን ለገዘር ጤና ጣቢያ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ይህ መሣሪያ በእውነት አንጎልን የሚያድን ሆኖ ቢገኝ፣ ጥቅሙ ለኮፐንሀገን ሰው ከሚሆነው ይልቅ ለገዘር ሰው እጅግ የበለጠ ይሆን ነበር። ተስፋው ትልቅ የሆነውን ያህልም፣ ተስፋውን ሳይመረምሩ መቀበል ያስከትለው የነበረው ጥፋት ቀላል አይሆንም።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንናገር። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን ግን አንድ አምስተኛ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ጎተራ የሌለው አባወራ ይመስላል፤ የዛሬውን ዛሬ ይበላል፣ ለነገ ብሎ ያስቀመጠው የለም። በዚህም ምክንያት ደም የሚያደርስለት ቧንቧ በረጋ ደም የተዘጋ እንደ ሆነ፣ ቀለብ የተቋረጠበት ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ጄፍሪ ሴቨር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ2006 ባወጣው ስሌት (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) አንድ ትልቅ የአንጎል ቧንቧ ተዘግቶ በቆየ ቍጥር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይጠፋሉ።

ይሁን እንጂ የተዘጋው ቧንቧ ይመግበው የነበረው ክፍል ሁሉ ባንድ ጊዜ አይሞትም። መካከሉ ፈጥኖ ይሞታል፤ ዙሪያው ግን ከጎረቤት ቧንቧዎች በምትደርሰው ጥቂት ደም እየተደገፈ ለሰዓታት ይቆያል። ይህ ዙሪያ ሥራውን ያቆመ እንጂ የሞተ አይደለም። ደሙ ቶሎ ከተመለሰለት ይነሣል፤ ከዘገየበት ከመካከሉ ጋር አብሮ ይጠፋል። የታማሚው እጅ ተመልሶ ጽዋ ለማንሣት መብቃቱና አለመብቃቱ፣ አንደበቱም መፈታቱና አለመፈታቱ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ዙሪያ ዕድል ነው።

ይህ ሁሉ የመዘጋት ነገር ነው። ሌላም ዓይነት ስትሮክ አለ፤ እርሱም ቧንቧው ፈንድቶ ደም ወደ አንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚደርሰው ነው። በዓለም ላይ ከሚደርሰው ስትሮክ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ የመዘጋት ሲሆን፣ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ግን የመፍሰሱ ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ሰውን የሚጥሉት በአንድ መልክ ስለሆነ፣ ማንም ሐኪም ቢሆን በዐይኑ ብቻ አይቶ በእርግጠኛነት ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ሲቲ ስካን የተባለው የራጅ መሣሪያ ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ደጋግመን እንመለስበታለንና።

ለመዘጋቱ የታወቁት ሕክምናዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የረጋውን ደም የሚያሟሟ፣ አልቴፕሌዝ የሚባለውና መሰሎቹ በደም ሥር የሚሰጡ መድኀኒቶች ናቸው። በተለመደው ደንብ ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለባቸው፤ ከዚያም በፊት በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ መረጋገጥ አለበት፤ በሚፈስ ደም ላይ የሚያሟሟ መድኀኒት መጨመር በእሳት ላይ ዘይት ማፍሰስ ነውና። ሁለተኛው ከብሽሽት ተነሥቶ እስከ አንጎል በሚደርስ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ነው፤ ይህም ጥቅሙ ከ2015 ወዲህ በማያጠራጥር ሁኔታ ተረጋግጧል። እነዚህን ሕክምናዎች የሚሰጥ ስፍራ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። ከገዘር ገጠር በቃሬዛ ወጥቶ፣ መኪና ተፈልጎለት ጂንካ ለሚደርስ ሰው አራት ሰዓት ተኩል ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ በዚያ አገር የሠራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ።

የክንዱ ሕክምና ሐሳብ ከወዴት መጣ? መነሻው አንጎል አልነበረም፤ ክንድም አልነበረም። በ1986 ቻርለስ መሪ፣ ሮበርት ጄኒንግስና ኪት ራይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ በውሾች ልብ ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። የልብን አንድ ቧንቧ ለ40 ደቂቃ ዘግተው የሚሞተውን የልብ ሥጋ መጠን ለኩ። በሌሎች ውሾች ላይ ደግሞ ከ40 ደቂቃው መዘጋት በፊት ያንኑ ቧንቧ አምስት አምስት ደቂቃ አራት ጊዜ ዘግተው ከፈቱት። በማስተዋል ቢታሰብ፣ አስቀድሞ አራት ጊዜ የተንገላታ ልብ የበለጠ ሊጎዳ ይገባው ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አራት ጊዜ የተዘጋበት ልብ ላይ የደረሰው ጉዳት ካልተዘጋበት አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጾም የለመደ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የማይከብደውን ያህል፣ አጭር አጭር ጾም የቀመሰው ልብም ረጅሙን ጾም ቻለው ማለት ነው።

ቀጥሎም ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር መጣ። በ1993 ካሪን ፕርዚክሌንክና ባልደረቦቿ በአንዱ የልብ ክፍል ላይ የተደረገው አጭር መዘጋት፣ ያልተነካውን ሌላውን የልብ ክፍል ጭምር እንደሚጠብቅ አሳዩ። በ2002 ደግሞ ራጄሽ ካርባንዳና ባልደረቦቹ ከልብ ጨርሶ ወጥተው በአሳማዎች እግር ላይ ሞከሩት፤ የእግሩን ደም ለአጭር ጊዜ እያገዱና እየለቀቁ ቢደጋግሙት የልቡ ጉዳት ቀነሰ። ጾሙን የጾመው እግር ሆኖ ሳለ ብርታቱን ያገኘው ልብ ሆነ። ይህን ሕክምና ፈረንጆቹ ረጅም ስም አውጥተውለታል፤ እኔ በአማርኛ «ከሩቅ ማለማመድ» ብለው የሚስማማ ይመስለኛል፤ የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የክንድ ወይም የእግር ብርታት ወደ ልብና ወደ አንጎል በምን መንገድ ይደርሳል? ሊቃውንቱ ሁለት መንገድ ያያሉ። አንዱ የነርቭ መንገድ ነው፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የእግሩን ነርቭ በቈረጡ ጊዜ ጥበቃው ቀርቷልና። ሌላው የደም መንገድ ነው፤ ከተለማመደው እንስሳ የተወሰደ ደም ላልተለማመደው ሲሰጥ ጥበቃው አብሮ ሲሻገር ታይቷልና። በክንዱ ውስጥ ጥቂት የተቸገረው ሥጋ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ የደረሰው ሕዋስም በውስጡ ያሉትን የኀይል ማመንጫዎች ከጉዳት የሚሰውር ይመስላል። ከዚህ አልፎ ዝርዝሩ ገና ክርክር የበዛበት ስለሆነ በዚሁ እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ስትሮክ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ለውሾቹ እንደ ተደረገው አስቀድሞ ማለማመድ አይቻልም። ቀርቶ የነበረው ጥያቄ፣ ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ቢለማመድስ ዙሪያው ይተርፍ ይሆን ወይ የሚል ነው። ይህን ለመፈተን በክንድ ላይ የሚጠቀለለው መሣሪያ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ድረስ አየር ይሞላል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ክንዱ የሚሄደው ደም ይቆማል። አምስት ደቂቃ ተይዞ ይለቀቃል፤ አምስት ደቂቃ ዐርፎ እንደ ገና ይሞላል፤ እንዲህ እየተባለ አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ሕክምናው ይኸው ብቻ ነው፤ መርፌ የለውም፣ ኪኒን የለውም።

ከተደረጉት ፈተናዎች ሁለቱን በሰፊው ማየት ይበቃናል። የመጀመሪያው በቻይና አገር በ55 ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2022 ውጤቱ የታተመው ነው። 1,800 ያህል ታማሚዎች ገቡበት። ሁሉም በመዘጋት መካከለኛ ስትሮክ የደረሰባቸው፣ ሕመማቸው ከጀመረ 48 ሰዓት ያላለፈ፣ የሚያሟሟውን መድኀኒትም ሆነ የቱቦውን ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ፤ ግማሾቹ በዚያ ላይ በሁለቱም ክንዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን የማለማመዱ ሕክምና ተጨመረላቸው። በ90ኛው ቀን ሲታዩ፣ ምንም ሳይጎድላቸው ወይም የቀድሞ ሥራቸውን ሁሉ ለመሥራት በማያግድ ጥቂት ጉድለት ብቻ የተገኙት፣ ከተለማመዱት ከመቶ 67.4፣ ካልተለማመዱት ከመቶ 62 ሆኑ። ከመቶ ሰው አምስት ያህል ተጨማሪ ሰዎች ወደ ሥራቸው ተመለሱ ማለት ነው። አምስት ሰው ጥቂት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከአምስቱ አንዱ የራሱ አባት ቢሆን ምን እንደሚል ይጠይቅ።

ሁለተኛው ፈተና በዴንማርክ የተደረገውና በ2023 የታተመው ነው። በዚህኛው ማለማመዱ የተጀመረው ሆስፒታል ሳይደረስ፣ በአምቡላንስ ውስጥ፣ ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ውስጥ ነበር፤ ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላም ተደግሟል። ሌላው ትልቅ ልዩነት ይህ ነው፤ በንጽጽሩ ወገን ለነበሩት ታማሚዎችም መሣሪያው ተጠቀለለላቸው፣ ነገር ግን እስከ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ተሞላ። ይህ መጠን ደም አያግድም፤ ለማስመሰል ብቻ ነው። በተስፋ የሚመጣውን መሻሻል ከእውነተኛው ፈውስ ለመለየት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በቻይናው ፈተና ይህ ጥንቃቄ አልተደረገም። የዴንማርኩም ውጤት ምን ሆነ? በ90ኛው ቀን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

በዚያው በዴንማርኩ ፈተና ውስጥ ለእኛ ትልቅ ትምህርት የሚሆን አንድ ቍጥር አለ። በአምቡላንስ ውስጥ ስትሮክ ነው ተብሎ ወደ ፈተናው የገቡት ሰዎች 1,500 ነበሩ። ሆስፒታል ደርሰው ከተመረመሩ በኋላ ስትሮክ መሆኑ የተረጋገጠው በ902ቱ ላይ ነው፤ ከእነዚህም የመዘጋቱ 737፣ የመፍሰሱ 165 ሆነው ተገኙ። የቀሩት ወዲያው የሚያልፍ የደም ማነስ ወይም ሌላ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። በሠለጠኑ የአምቡላንስ ሠራተኞች ዘንድ መለየቱ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በገዘር ገበያ ዳር ለወደቀ ሰው በዙሪያው የተሰበሰበው ሕዝብ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል ሊያስተማምን እንደሚችል መገመት ነው።

ሌሎችም ፈተናዎች አሉ። በፈረንሳይ 188 ሰዎች የገቡበትና በ2020 የታተመው ጥናት፣ የተጎዳው የአንጎል ክፍል እንዳይሰፋ በማድረግ ረገድ ጥቅም አላሳየም። በልብ ሕመም በኩልም ከ5,400 በላይ ታማሚዎች የገቡበት፣ በ2019 የታተመው ታላቅ ፈተና፣ ያ ሁሉ ተስፋ የተጣለበት ማለማመድ የልብ ድካምንም ሞትንም እንዳልቀነሰ አስታውቋል። ከውሻና ከአሳማ ወደ ሰው የሚያሻግረው ድልድይ ብዙ ተስፋ የሰመጠበት ነው።

እንግዲህ አንዱ አዎን፣ ሌላው አይደለም ካለ፣ ማንን እንመን? እኔ እንደሚመስለኝ በአሠራር ጥንቃቄ የዴንማርኩ ይበልጣል፤ ከእኛ ኑሮ ጋር የሚመሳሰለው ግን የቻይናው ነው። የዴንማርክ ታማሚዎች ፈጥነው ሆስፒታል የሚደርሱ፣ ብዙዎቹም የሚያሟሟውን መድኀኒት ያገኙ ነበሩ፤ ማለማመዱ የሚጨምርላቸው ነገር ጥቂት ቢሆን አያስደንቅም። የቻይናዎቹ ግን ሌላ ፈጣን ሕክምና ያላገኙ ነበሩ፤ ማለማመዱም ለእነርሱ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የቀጠለ ነው። ልዩነቱ ከዚህ የመጣ ከሆነ፣ ሕክምናው ይበልጥ የሚጠቅመው መድኀኒቱ በማይደርስበት ስፍራ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ የመጣው ታማሚውም አስታማሚውም መታከሙን በማወቁ ብቻ ከሆነ ግን፣ ሕክምናው ከተስፋ በቀር ምንም አይደለም። ይህን የሚፈታው የማስመሰያውን ጥንቃቄ ሳይተው፣ መድኀኒቱ በማይደርስበት አገር የሚደረግ ፈተና ነው። እንደ ጂንካ ያለ ሆስፒታል ለእንዲህ ያለው ጥናት የሚመጥን ስፍራ ይመስለኛል፤ ጥያቄው ከእርሱ በላይ የሚመለከተው ብዙ የለምና።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ስለ ርካሽነቱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ጊዜው ግን ርካሽ አይደለም። አንዱ ዙር 50 ደቂቃ ይወስዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን 100 ደቂቃ፤ በ14 ቀን 1,400 ደቂቃ፤ ይህም ከ23 ሰዓት በላይ ነው። በታላላቅ ሆስፒታሎች በፈተና ላይ የዋለው መሣሪያ በራሱ የሚሞላና በራሱ የሚለቅ ነበር። የእኛ የጤና ጣቢያ መሣሪያ በእጅ እየተጨመቀ የሚሞላ ነው። አንዲት ነርስ የወላዶችንና የሕፃናትን ተራ ትታ ለአንድ ታማሚ 23 ሰዓት ልትጨምቅ አትችልም። አስታማሚው ቤተ ሰብ ሊተካት ይችል ይሆናል፤ እርሱም ሰዓት ማየትና ቍጥር ማንበብ የሚችል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መልቀቅን የማይረሳ መሆን አለበት። ያ ጊዜና ያ ጉልበት ታማሚውን በየሁለት ሰዓቱ በማገላበጥ፣ ውሃ ከመስጠት በፊት መዋጥ መቻሉን በመመርመር፣ የደነዘዘውን እጅና እግር በማንቀሳቀስ ቢውል የሚያስገኘው ጥቅም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች ይህን በሚያውቁ ሠራተኞች አንድ ላይ ተሰብስበው ሲጠበቁ ሞትም ሽባነትም እንደሚቀንስ ከተረጋገጠ ዘመን ዐልፏል።

አሁን ወደ እናንተ ወደ አንባብያን ልመለስ። ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ በገጠር ናቸው፤ እናንተ በከተማ ደመወዝተኞች ናችሁ። አንድ ቀን ማለዳ ስልክ ይደወላል፤ «አባባ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ንግግራቸውም ተሳሰረ» ይባላል። ከወዲያ በኩል ያለው ወንድም ወይም እኅት የተማረውን ልጅ ምክር እየጠበቀ ነው። ጎረቤቱም ተሰብስቦ ምች ነው፣ መጋኛ ነው፣ ልክፍት ነው እያለ ይከራከራል። በዚያች ደቂቃ የምትናገሩት ቃል ሰውዬው ወደ ጸበል፣ ወደ ባለ መድኀኒት ወይም ወደ ሆስፒታል መሄዱን ይወስናል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰዓቱ ነው። ሕመሙ የታየበትን ብቻ ሳይሆን፣ አባትየው ደኅና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበትን ሰዓት ጠይቃችሁ አስጽፉት። ማታ በሁለት ሰዓት ደኅና ሆነው ተኝተው ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንዲያ ሆነው ከተገኙ፣ ሐኪሙ የሚቈጥረው ከማታው ነው። ከዚያ ፈገግ እንዲሉ፣ ሁለቱን እጆቻቸውን እንዲያነሡ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲናገሩ ይጠየቁ። የንግግሩን ፈተና በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማድረግ ያስፈልጋል። በገዘር ያለ ሽማግሌ በአሪኛ ተጠይቆ በአሪኛ ሊመልስ ይገባዋል፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የጤና ሠራተኛ የሰውዬው አማርኛ የተሰባበረው ከሕመሙ ይሁን ከልማዱ ሊለይ አይችልምና። በዚህ ጕዳይ ከሐኪሙ ይልቅ ልጅየው ዐዋቂ ነው፤ ስለዚህም ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ።

የሚበላም የሚጠጣም አይሰጣቸው፤ የመዋጥ ችሎታቸው ጠፍቶ እንደ ሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። ቢያስመልሳቸው በጎናቸው ይተኙ። አስፒሪን አይሰጣቸው፤ ደሙ እየፈሰሰ እንደ ሆነ ያባብሰዋል፤ የመዘጋት መሆኑን ደግሞ በቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። የደም ብዛት ኪኒናቸውንም ይጠቅማል ብሎ ደራርቦ መስጠት አይገባም፤ ግፊቱ በድንገት ቢወርድ ያ በጭንቅ የሚኖረው ዙሪያ የምትደርሰውን ጥቂት ደም ያጣል።

ስለ ክንዱ ሕክምና ያነበበ ሰው «እስኪ ክንዳቸውን እሰሩላቸው» ሊል ይችላል፤ ይህን ንግግር የጻፍሁት ከሁሉ በላይ ስለዚህ ነው። ገመድ፣ መቀነት ወይም የላስቲክ ጕማጅ ያ መሣሪያ አይደለም። የመሣሪያው መጠቅለያ ሰፊ ነው፤ ግፊቱም ይለካል። ገመድ ግን በአንድ ቀጭን ስፍራ ላይ ሥጋንና ነርቭን ይቈርጣል፤ የሚያጠብቀውም ሰው በምን ያህል እንዳጠበቀው አያውቅም፤ በድንጋጤ መካከል ደግሞ ሳይፈታ ይረሳል። የሐኪም መሣሪያ በቤት ያለው ሰው ቢሆንም፣ 50 ደቂቃ ክንድ ሲያጠብቅና ሲያላላ ወደ ጂንካ የሚሄደው መኪና ያልፈዋል። በፈተናዎቹ ውስጥ ከክንድ ሕመምና ከቆዳ ሥር ከሚታዩ ቀያይ ነጠብጣቦች ያለፈ ከባድ ጉዳት እምብዛም ባይታይም፣ ይህ የሆነው በሐኪም ቍጥጥር ሥር ነው። ማለማመዱ ገና ተራ ሕክምና ስላልሆነ ማንም በቤቱ ሊጀምረው አይገባም።

ታዲያ ያ በጠረጴዛው ላይ ያለው መሣሪያ ለገዘር ምን ይሠራል? የተሠራበትን ሥራ። በ32 አገሮች ተካሂዶ በ2016 ውጤቱ የታተመ ታላቅ ጥናት፣ በዓለም ላይ ከሚደርሰው ስትሮክ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ ሊታረሙ ከሚችሉ አሥር ምክንያቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከአሥሩ ትልቁ የደም ግፊት መብዛት ነው። የደም ብዛት የከተማ ቢሮ ሠራተኛ ሕመም ነው የሚለው አባባል በገጠሩ ላይ ብዙ በድሏል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር በየቤቱ እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ መርምረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚጥል በሽታና ከፖሊዮ ሽባነት ጋር ስትሮክንም በገበሬው መካከል አግኝተውታል። ያገኙት ቍጥር ትንሽ ነበር፤ ከ100 ሺህ ሰው 15 ያህል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቈጠራ የሚያገኘው በሕይወት የቀሩትን ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በወደቁበት ሳምንት የተቀበሩት በመዝገቡ አይገኙም።

የግፊት መብዛት የሚያም ነገር ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ዓመታት ይኖራል። ከ2003 ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግፊት ሲለኩ፣ ወላጆቻችሁ «ምን ያመኛል ብዬ!» ብለው ክንዳቸውን ይከለክሉ ይሆናል። እናንተ በስልክ አንድ ቃል ብትጨምሩበት ይሰማሉ። ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ዐርፈው ይቀመጡ፤ ጋቢውና እጅጌው ተነሥቶ በባዶ ክንድ ላይ ይጠቅለል፤ ክንዱም በልብ ትክክል ላይ ይደገፍ። ከ140 በ90 በላይ ሆኖ በሌላም ቀን ከተደገመ ሕክምና ያስፈልጋል። ሕክምናው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ደኅንነት ሲሰማም አይቋረጥም። ከገዘር ገጠር ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ባለመፈለግ ሳይሆን ኪኒኑ በገበያ ቀንና በገበያ ቀን መካከል ስለሚያልቅበት ይሆናል። ለበዓል ወደ አገራችሁ ስትወርዱ፣ ወይም እነርሱ ወደ እናንተ ሲመጡ፣ የኪኒኑን ብልቃጥ ከፍታችሁ የቀረውን ቍጠሩ፤ ለስንት ቀን እንደሚበቃም ከሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ ጋር አስተያዩት።